አሮጌ የናስ ምድጃ ማደስና ከየት እንደመጣ ማጣራት

በሰሜን ሸዋ የድሮ ቤት ሲፈርስ ወይም የሟች ዕቃ ሲከፋፈል፣ ከቆጥ ላይ አንዳንዴ የናስ ምድጃ ብቅ ይላል፤ ሆዱ ክብ፣ እግሩ ሦስት፣ ጎኑ ላይ ፓምፕ የተሰካበት፣ አናቱን ጥላሸት የበላው። ኩበትና ባህር ዛፍ በሚነድበት አገር ይህ በአብዛኛው የደመወዝተኛ ዕቃ ነበር፤ የአስተማሪ፣ የጸሐፊ፣ የጤና ረዳት። ማንም ይሥራው ማን፣ ሰው ሁሉ ፕሪሙስ ይለዋል።

ናስ ያየ ሰው መጀመሪያ የሚመኘው ማብረቅረቅ ነው። አመድ፣ ሎሚና የዕቃ ማጠቢያ ሽቦ ይዞ ይነሳል። በዚህ መመሪያ ጽዳቱ የሚመጣው ዘግይቶ ነው። ምድጃው የት እንደተሠራ፣ በማን እጅ እንዳለፈ፣ የት እንደተጠገነ የሚናገሩት ምልክቶች ስስ ናቸው፤ አንዴ በኃይል ከተፈተጉ ተመልሰው አይመጡም። ስለዚህ መጀመሪያ ይነበባል፣ ይጠየቃል፤ ከዚያ ይፈታል፣ ይጸዳል፣ ይፈተሻል። የሚለኮሰው መጨረሻ ላይ ነው።

አሠራሩ

ታንኩ ውስጥ ላምባ፣ ማለትም ነጭ ጋዝ፣ ይገባል። ፓምፑ አየር ያጭቃል፤ አየሩ ላምባውን በመሃለኛው ቱቦ ወደ ላይ ይገፋዋል። ከአናቱ ስር ባለችው ትንሽ ሳህን ላይ ስፒሪቶ፣ ማለትም የሚነድ አልኮል፣ ይነድና አናቱን ያግለዋል። የጋለው ናስ ውስጥ የገባው ላምባ ተንኖ በቀጭን ቀዳዳ ተስፈንጥሮ ይወጣል፣ ከአየር ጋር ይቀላቀላል፣ ሰማያዊ ሆኖ ይነዳል። ከዚያ በኋላ እሳቱ ራሱ አናቱን እንደጋለ ያቆየዋል። እንደ ኩራዝ ክር የለውም፤ በደንብ ሲሠራ የማያጠቁረውም ለዚህ ነው። ሲጠፋ ክዳኑ ላይ ያለችው የአየር ብሎን ትላላለች፣ የታፈነው አየር ይወጣል፣ እሳቱ ይከስማል።

ይህን ምድጃ እ.ኤ.አ. በ1892 ስዊድን ውስጥ የፈጠረው ፍራንስ ቪልሄልም ሊንድክቪስት ነው፤ በእኛ አቆጣጠር 1884 ገደማ፣ በአፄ ምኒልክ የመጀመሪያ የንግሥና ዓመታት መሆኑ ነው። የዋልታ ተጓዡ አሙንድሰን እ.ኤ.አ. በ1911 ደቡብ ዋልታ ሲደርስ ጓዙ ውስጥ ፕሪሙስ ነበረ። እ.ኤ.አ. በ1953 ሂላሪና ቴንዚንግ ኤቨረስት ሲወጡም እንዲሁ። ለደብረ ብርሃን ውርጭ አይበገርም ማለት ነው።

ማንበብ

ለስላሳ ብሩሽ፣ ለብ ያለ ውሃና እርጥብ ጨርቅ ይበቃሉ። አቧራውን ብቻ አንሱ፤ ጥላሸቱንና አረንጓዴውን ዝገት ለጊዜው ተዉት። ከዚያ ክፍሉን አጨልሙና የእጅ ባትሪ ከጎን፣ ብርሃኑ በናሱ ላይ ተኝቶ እንዲያልፍ አድርጋችሁ አብሩ። ፊት ለፊት ሲያዩት ለስላሳ የሚመስለው ናስ ከጎን ሲበራበት ፊደሉ ጥላ እየጣለ ይነሳል። እያንዳንዱን ጎን ፎቶ አንሱ። በጣም ያለቀ ጽሑፍ ከሆነ ስስ ወረቀት አልብሳችሁ በእርሳስ ቀስ አድርጋችሁ ጥረጉት።

የምታዩት የታንኩን ትከሻ፣ የላምባ መሙያውን ዙሪያ፣ የታንኩን ቂጥ፣ የፓምፑን እጀታ፣ የአናቱን ጎንና እግሮቹን ነው። ፕሪሙስ፣ ኦፕቲመስ፣ ራዲየስ ወይም ስቬያ የሚል በላቲን ፊደል ካገኛችሁ የስዊድን ሥራ ነው። ኢፖሊቶ የፖርቱጋል፣ ፌቡስ የኦስትሪያ፣ ቫሎር የእንግሊዝ ነው። ከስሙ አጠገብ የሚገኘው ቁጥር ብዙ ጊዜ የሞዴሉ ቁጥር ስለሆነ ዓመተ ምሕረት መስሏችሁ አትሳቱ።

የፕሪሙስ ፋብሪካ ምድጃ በእጃችሁ ከገባ አንድ ዕድል አላችሁ። ፋብሪካው እ.ኤ.አ. ከ1911 ጀምሮ የምርቱን ዓመት በላቲን ፊደል ታንኩ ላይ ይመታ ነበር፤ ኤ 1911ን ያመለክታል፣ ቢ 1912ን፣ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ወደ ኋለኞቹ ፊደሎች ከሄዳችሁ በጣት ከመቁጠር የአሮጌ ምድጃ ሰብሳቢዎች ያወጡትን ሰንጠረዥ ማመሳከር ይሻላል። ፊደሉ የሚናገረው ግን የታንኩን ዕድሜ ብቻ ነው። አናት ይቃጠላል፣ ይለወጣል፤ የስዊድን ታንክ ላይ የሌላ አገር አናት ተተክሎ ቢገኝ የሚያስደንቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1962 የፕሪሙስ የላምባ ምድጃ ሥራ ወደ ኦፕቲመስ ስለተዛወረም የሁለቱ ስም ተቀላቅሎ ቢገኝ ሐሰተኛ ነው ብላችሁ አትጣሉት።

ሰዎች የሚያልፉት፣ እኔ ግን ከሁሉ አብልጬ የማየው የጥገናውን ምልክት ነው። የቆርቆሮ ብየዳ ጠብታ፣ ከሌላ ዕቃ የመጣ ብሎን፣ በፌሮ የተተካ እግር፣ በመዶሻ የተቃና ጎን። ፋብሪካው በሺህ የሚቆጠር ተመሳሳይ ምድጃ አውጥቷል፤ ይህኛውን ከሌሎቹ የሚለየው የባለእጁ ሥራ ነው። እያንዳንዱን ጥገና በንድፍ ላይ ምልክት አድርጉበት። እግር ላይና ማሰሮ መቀመጫው ላይ ያለ ጥገና ጠንካራ ከሆነ እንዳለ ይቆይ። ታንኩ ላይ ያለ ብየዳ ግን ግፊት የሚሸከም ስለሆነ ፈተናውን ሳያልፍ አይታመንም።

መጠየቅ

ትልልቅ ሰዎችን «መቼ ተገዛ?» ብላችሁ ብትጠይቁ የምታገኙት መልስ «ድሮ ነው» ነው። ጥያቄውን በሰው፣ በቤትና በዘመን አጥሩት። «እማማ፣ ይህ ምድጃ መጀመሪያ የነደደው ማን ቤት ነው?» ሲባሉ «ኧረ እኔ ምኑን አውቄ ልጄ፤ ጣሊያን ወጥቶ ትልቁ ልጄ ዳዴ ሲል አባቱ ከአዲስ አበባ ይዞት መጣ» ዓይነት መልስ ይመጣል፤ ይህ ደግሞ ከ1933 ዓ.ም. በኋላ ባሉት ጥቂት ዓመታት ውስጥ ያስገባችኋል። ሌሎች ማሰሪያዎችም አሉ፦ ከማይጨው በፊት ወይስ በኋላ (1928)፣ የታኅሣሡ ግርግር (1953)፣ መሬት ላራሹ ሲታወጅና ዘማቾች ገጠር ሲወርዱ (1967)፣ ብር ሲቀየር (1969)። የሰማችሁትን በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ታንኩ ላይ ያነበባችሁትን በፈረንጅ አቆጣጠር ለየብቻ ጻፉ። ሲነጻጸሩ የሰባት ወይም የስምንት ዓመቱ ልዩነት ካልተነሳ ምድጃው ከመሠራቱ በፊት የተገዛ ሆኖ ይገኛል።

ሁለት ጥያቄዎችም አይቀላቀሉ። የተሠራበት ዘመን አንድ ነው፤ እናንተ ቤት የገባበት ዘመን ሌላ ነው። በመካከል የሃያ ዓመት ክፍተት ካለ ምድጃው ሌላ ባለቤት ነበረው ማለት ነው፣ ጥሩው ታሪክም ያለው እዚያ ክፍተት ውስጥ ነው። የጅቡቲ ባቡር አዲስ አበባ የገባው እ.ኤ.አ. በ1917 ነው። ከዚያ በፊት የመጣ ዕቃ ቢያንስ የመንገዱን ክፋይ በግመልና በበቅሎ ተጉዟል። በኋላ በኤደንና በጅቡቲ በኩል የሚነግዱ ትላልቅ ቤቶች፣ ለምሳሌ ቤስ፣ የፋብሪካ ዕቃ ወደ አዲስ አበባ ያስገቡ ነበር። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደውና ጣሊያኖች ጣርማ በር ላይ ዋሻ የፈለፈሉለት የመኪና መንገድ ደብረ ብርሃንን ያቋርጣል። አንኮበር፣ መሐል ሜዳ ወይም እነዋሪ የተገኘ ምድጃ ከሆነ ግን ከዋናው መንገድ የወጣ ስለሆነ ማን ተሸክሞ እዚያ እንዳደረሰው ጠይቁ። ተዛውሮ የመጣ ሠራተኛ፣ አስተማሪ፣ ከውትድርና የተመለሰ ሰው፣ ነጋዴ፤ አንዱ ይሆናል።

ወረቀት ደግሞ ከሳጥን ውስጥ ይፈለጋል። ደረሰኝ ባይኖር የዝውውር ደብዳቤ ይኖራል፤ የሠርግ ወይም የክርስትና ፎቶ ላይም ምድጃው ከኋላ በአጋጣሚ ሊታይ ይችላል። አዲስ አበባ ለመሄድ ከተመቻችሁ ወመዘክርና ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የድሮ ጋዜጣ ይገኝባቸዋል። አዲስ ዘመን ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ ስለሚወጣ የማስታወቂያ ገጾቹን ማገላበጥ ነው፤ ግን ዘመኑን ወደ አምስት ዓመት ሳታጠቡ አትሂዱ፣ ገጹ ማለቂያ የለውም። ያገኛችሁትን ሁሉ «ያየሁት»፣ «የሰማሁት»፣ «የገመትኩት» ብላችሁ በሦስት አምድ መዝግቡ። ብዙ የቤተሰብ ተረት የሚበላሸው ሦስተኛው አምድ ሳይታወቅ ወደ አንደኛው ሲሻገር ነው።

መፍታት

አሮጌ ላምባ ካለ ውጭ ደፍታችሁ በዕቃ ያዙት። ታንኩን በሙቅ ውሃና በሳሙና ደጋግማችሁ አለቅልቁ፤ ክዳኑን ከፍታችሁ አድርቁ። ላምባ የነበረበት ባዶ ታንክ በትነት የተሞላ ስለሆነ እሳትም ካውያም አይጠጋውም።

ታንኩን ሞርሳ ውስጥ አትሰሩት፤ ስስ ናስ ነው፣ ይጨማደዳል። ጭናችሁ መሃል በጨርቅ ጠቅልላችሁ ያዙት። አናቱ የሚፈታው በሁለት ቁልፍ ነው፦ አንደኛው የታንኩን ቱቦ ከስር ጠርዝ ባለው ቦታ ይይዛል፣ ሁለተኛው አናቱን ያዞራል። ከስር ሳይያዝ ከተዞረ ቱቦው ተጠማዝዞ ከታንኩ ይላቀቃል። እንቢ ካለ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት አድርጋችሁ አሳድሩት። ነገም እንቢ ካለ ከነገ ወዲያ። በጉልበት የሚያተርፍ ሰው አላየሁም።

የፓምፑ ክዳን በእጅ ይፈታል፤ ዘንጉ ሲሳብ ጫፉ ላይ የደረቀ የቆዳ ሳህን ታገኛላችሁ። ከፓምፑ ቱቦ ቂጥ ደግሞ አየር አስገብታ የማታስወጣ ትንሽ ቫልቭ አለች። ለእሷ ረጅም ልዩ ቁልፍ ስለሚያስፈልግ ሳይቸግር አትነካካም። ሕመሟ በምልክት ይታወቃል፦ ፓምፕ ካደረጋችሁ በኋላ እጀታው በራሱ ወደ ውጭ ከተገፋ ወይም ፓምፑ ቱቦ ውስጥ ላምባ ከተገኘ ቫልቯ ታማለች። እጀታው ያለ ምንም ተቃውሞ ወለል ብሎ ከገባ ቆዳው ነው የደረቀው። የመጀመሪያው ችግር ወደ ጥሩ ባለሙያ ያስኬዳል፣ ሁለተኛውን ቤታችሁ ትጨርሱታላችሁ።

ማጽዳት

ሎሚ ወይም ኮምጣጤ በሙቅ ውሃ በጥብጡና የተፈታውን ዕቃ ለግማሽ ሰዓት ያህል ዘፍዝፉ። ከዚያ አታሳልፉ። አሲድ ውስጥ የቆየ ናስ በውስጡ ያለው ዚንክ ተበልቶ መዳብ መስሎ ይቀላል፣ ላዩም ይደክማል። ስታወጡት በቤኪንግ ሶዳ ውሃ አለቅልቁት። ጽሑፍና ምልክት ያለበትን ቦታ በጨርቅ ብቻ ጥረጉ፤ አመድ፣ ሽቦና ብርጭቆ ወረቀት አይድረሱበት። የመጨረሻውን ማሸት በአሮጌ የመንዝ ባና ቁራጭ አድርጉት፤ ሱፉ ናሱን ሳይቧጭር ያነሳዋል። መስተዋት እስኪሆን መወልወልን እኔ አልወደውም። ስልሳና ሰባ ዓመት የኖረ ዕቃ ትናንት ከፋብሪካ የወጣ ሲመስል ቤተሰቡም አይለየውም። ቫርኒሽና ቀለም ደግሞ በሙቀት ይቃጠላል፣ ይሸታል፤ አትቀቡት።

አናቱ ውስጥ የተጋገረው ጥቀርሻ በዝፍዘፋ አይወጣም። ቀጭን ቀዳዳ ያለበትን ኖዝል አውጡ፣ አናቱን ብቻውን በከሰል ላይ አስቀምጡና ጥላ ቦታ ላይ ደብዘዝ ያለ ቅላት እስኪያሳይ አግሉት፤ ከዚያ በረጅም ፒንሳ ይዛችሁ ባልዲ ውሃ ውስጥ ክተቱት። ጥቀርሻው ተሰነጣጥቆ ይረግፋል። ከደብዛዛ ቅላት ካለፈ የቱቦዎቹ መጋጠሚያ ይቀልጣልና ወናፍ አትጠቀሙ። ፊታችሁን አርቁ፣ እንፋሎቱ ይጋረፋል።

የኖዝሉ ቀዳዳ ስፋት 0.3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የስፌት መርፌ አትክተቱበት፤ ቀዳዳው ከሰፋ እሳቱ ለዘለዓለም ቢጫ ሆኖ ይቀራል። ከለስላሳ የኤሌክትሪክ ገመድ ውስጥ አንዷን ቀጭን የመዳብ ክር መዝዛችሁ በእሷ ክፈቱት፤ መዳብ ለስላሳ ስለሆነ ናሱን አይበላም።

ቆዳና ጎሚኒ

ለፓምፑ የሚሆን ቆዳ ጫማ ሰሪ ዘንድ በቁራጭ ይገኛል፤ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል የሚወፍረው ይሻላል። ከፓምፑ ቱቦ ትንሽ ሰፋ አድርጋችሁ ክብ ቁረጡ፣ መሃሉን ብሱ፣ ውሃ ውስጥ አርሱ፣ ከዚያ ጣት የሚያክል እንጨት ጫፍ ላይ አልብሳችሁ በሲባጎ እሰሩት። ሲደርቅ እንደ ፍንጃል ጎድጎድ ብሎ ይቀራል። ቀጥሎ በዘይት ይነከራል። የኑግ ዘይት አይሆንም፣ ሲቆይ ይወፍርና ሙጫ ይሆናል። ቅቤ በብርድ ይረጋል። ልብስ ሰፊ የሚጠቀምበት የስፌት መኪና ዘይት ለዚህ ተስማሚ ነው።

ለክዳኑ ጎሚኒ ከመኪና ዕቃ መሸጫ ዘይትና ነዳጅ የሚችለውን ጠይቁ። ከጎማ ካላማዳሪ የተቆረጠው በላምባ ያብጣል፣ ይበሰብሳል። አናቱና ቱቦው የሚገናኙበት የእርሳስ ሮንዴላ በየመፈታቱ መለወጥ አለበት፤ እርሳስ መርዝ ስለሆነ ከነካችሁ በኋላ እጃችሁን ታጠቡ። አናት፣ እግር ወይም ክዳን የጎደለበት ሰው መርካቶ ምናለሽ ተራ ወርዶ አሮጌ ናስ ቢያገላብጥ ያዋጣዋል። የድሮውን ዕቃ ምሳሌ እንዲሆን ይዛችሁ ሂዱ፤ በቃል ተነግሮ የሚገጥም ጥርስ የለም።

መፈተሽ

ይህ የማይዘለል ነው። ታንኩን በውሃ እስከ አፉ ቅርብ ሙሉት፣ ዝጉት፣ አድርቁት፣ ከዚያ ፓምፕ አድርጉ። ውሃ እንደ አየር ስለማይታመቅ ታንኩ ቢሰነጠቅ ያንጠባጥባል እንጂ አይፈነዳም። ብየዳዎቹን፣ የቂጡን ዙሪያና የፓምፑን ሥር በደረቅ ወረቀት ዳብሱ፤ ወረቀቱ ከረጠበ ፍሳሹ እዚያ ነው። ውሃውን ካለፈ ባዶውን ጥቂት ፓምፕ አድርጋችሁ ባልዲ ውስጥ አጥልቁት፤ አረፋ ከየት እንደሚወጣ ተመልከቱ።

በተለይ ከብት በሚያድርበት ጋጣ ወይም ከጋጣ በላይ የተቀመጠ ምድጃ ሲያጋጥማችሁ ተጠንቀቁ። ከከብት ሽንት የሚነሳው አሞንያ በመዶሻና በማሽን ተጨንቆ የተሠራ ናስን ይሰነጥቃል። በሕንድ የነበረው የእንግሊዝ ጦር በዝናቡ ወራት ጋጣ ውስጥ ያከማቸው የናስ ቀለህ በዚሁ ምክንያት ይሰነጠቅበት ነበር። እንዲህ ያለ ስንጥቅ እንደ ፀጉር የቀጠነ ነው፤ አንዱ ቢበየድ ሌላው አጠገቡ ይከፈታል። ታንኩ ላይ ካያችሁት ምድጃውን መደርደሪያ ላይ አስቀምጡት፣ አትለኩሱት።

መለኮስ

ደጅ፣ ደልዳላ ድንጋይ ላይ፣ ከጭድና ከክምር ርቃችሁ ይሁን። ነጠላና የናይለን ልብስ አውልቁ፤ አሸዋ ወይም እርጥብ ጆንያ አጠገባችሁ አድርጉ። ታንኩን ሦስት አራተኛ ብቻ በላምባ ሙሉ። ቤንዚን የተቀላቀለበት ላምባ ታንኩን ወደ ቦምብ ይለውጠዋል፤ ሽታውን ከተጠራጠራችሁ ተዉት።

የአየር ብሎኗን አላሉ። ሳህኗን በስፒሪቶ ሙሉና ለኩሱ። ዳገም አረቄም ይነዳል፣ ግን ውሃ ስላለበት አናቱን በቅጡ አያግልም፤ ለእንግዳ ቢቀመጥ ይሻላል። በደብረ ብርሃን የጥቅምትና የኅዳር ጠዋት አንድ ሳህን አይበቃም፤ የመጀመሪያው ፍጹም ጠፍቶ ሳህኗ ስትቀዘቅዝ ደግማችሁ ሙሉ። በሚነድ እሳት ላይ ስፒሪቶ አይጨመርም። ሁለተኛው ሊያልቅ ሲል ብሎኗን አጥብቁና ሦስት አራት ጊዜ ብቻ ፓምፕ አድርጉ። ሰማያዊ ከሆነ ቀስ እያላችሁ ጨምሩ። ቢጫ ሆኖ ወደ ላይ ከተንቦገቦገ ላምባው ሳይተን ወጥቷል፤ ወዲያው ብሎኗን አላሉና እንዲቀዘቅዝ ተዉት፣ ከዚያ ከሳህኗ እንደገና ጀምሩ። አንዳንዱ አናት ያገሳል፣ አንዳንዱ ዝም ይላል፤ የአሠራር ልዩነት ነው እንጂ ብልሽት አይደለም።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው። ጫፉ ቢጫ የሚል እሳት ካያችሁ አየር አንሶታልና ጥቂት ግፊት ቀንሱ። ውሃም እዚህ 90 ዲግሪ አካባቢ ላይ ስለሚፈላ ባቄላና ምስር አልበስል ቢል ጥፋቱ የምድጃው አይደለም። እሳቱ መሃል ላይ ስለሚያተኩር ጀበና በቀጥታ ከተጣደበት ይሰነጠቃል፤ መሃል የብረት ሳህን አስገቡ። ለእንጀራ ምጣድ አይሆንም፣ አትድከሙ።

ብርድ ነው ተብሎ በር ዘግቶ መጠቀም አይቻልም። ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው ገዳይ ጋዝ አይሸትም፣ አይታይም፤ መስኮት ይከፈት። ሲጠፋ ብሎኗ ሙሉ በሙሉ ትላላ፣ ምድጃው እስኪቀዘቅዝ ክዳኑ አይነካ። ለረጅም ጊዜ ከተቀመጠ ላምባውን አፍስሱ፣ ብሎኗን ክፍት ተዉ፣ የፓምፑን ቆዳ በዓመት አንዴ ዘይት አጠጡት። የለወጣችሁትን አሮጌ ቆዳ፣ ሮንዴላና ብሎን አትጣሉ፤ ከሦስቱ አምዶች ወረቀት ጋር በከረጢት አድርጋችሁ ከምድጃው ጋር አስቀምጡ፣ ከጋጣው ራቅ አድርጋችሁ።